ምጽዋት የተረጂውን ክብር ሲጠብቅ

እግዚአብሔር ሰውን ሁሉ በአርአያውና በአምሳሉ ፈጥሮታልና ሰውን በቀለሙ ማሳነስ የፈጣሪን አርአያ ማቃለል ነው (ዘፍ. 1፥27)። ታዲያ ምጽዋት ይህን በደል ለማስወገድ ምን ያህል ይረዳል? አንድ የታሪክ ምሳሌ እንመልከት።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁሮችና ነጮች በሕግ ተለያይተው ይማሩ ነበር፤ ለጥቁሮች ልጆች የሚመደበውም ገንዘብ እጅግ አነስተኛ ነበር። በባርነት የተወለደው መምህር ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ባለጸጋውን ነጋዴ ጁሊየስ ሮዘንዋልድን ለበጎ ሥራ አነሣሣው። ከ1912 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በነጋዴውና በ1917 ባቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት ርዳታ ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ።

ልብ ልንለው የሚገባን አሰጣጡን ነው። ሮዘንዋልድ ወጪውን በሙሉ አልሸፈነም፤ መንግሥትም ሕዝቡም ድርሻቸውን እንዲያዋጡ ጠየቀ። ጥቁሮቹ ከድህነታቸው ቆርሰው ያዋጡት በጠቅላላው ከባለጸጋው ስጦታ በለጠ። ይህም በቤተ መቅደስ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ያስታውሰናል (ማር. 12፥41-44)።

ይሁን እንጂ እነዚሁ ሰዎች ግብር እየከፈሉ ለልጆቻቸው ትምህርት ዳግመኛ መክፈላቸው በደል ነበር። የሚለያያቸው ሕግም በምጽዋት አልተሻረም፤ ጥቁሮች ተሟግተው ከፍተኛው ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት ዘርን መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ የወሰነው በ1954 ነው።

ስለዚህ ምጽዋት ለፍትሕ መንገድ ይጠርጋል እንጂ የፍትሕ ምትክ አይሆንም። እኛም በየአጥቢያችን ነዳያንን ስንረዳ «ምን እንስጣቸው?» ብቻ ሳይሆን «ምን ከለከላቸው?» ብለን እንጠይቅ፤ እንደ ወንድምም በምክሩ እናሳትፋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።