ከትሪው ሳይሆን ከድስቱ መዝግቡ

ባለፈው ስለ ምግብ መመዝገቢያ አፕ ጠቀስ አድርጌ በማለፌ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጽፋችሁልኛል። የጥያቄው ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ "ጎንደር ቁጭ ብሎ እንጀራና ሽሮ ለሚበላ ሰው ይሄ ነገር ይሠራል ወይ?" ይሠራል። ግን አፑ በተሠራበት ልማድ ሳይሆን እኛ በምንበላበት ልማድ ስንጠቀምበት ነው።

መጀመሪያ መመዝገብ ለምን እንደሚጠቅም ልናገር። በአውሮፓውያኑ 2008 አሜሪካ ውስጥ የታተመና ወደ 1,700 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት አለ። ክብደት ለመቀነስ ከተነሡት መካከል የበሉትን በየቀኑ የጻፉት፣ ምንም ካልጻፉት ጋር ሲተያዩ እጥፍ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል። ያኔ እንዲህ እንደ ዛሬው አፕ በየሰው እጅ አልገባም ነበር። ስለዚህ የሚሠራው መጻፉ ነው፤ ስልክም ሆነ ደብተር ልዩነት የለውም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ባለ መስመር ደብተር በቂ ነበር፣ አሁንም በቂ ነው።

አሁን ወደ አፑ ችግር። በሰፊው የሚታወቀው ማይፊትነስፓል ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ። የምግብ ዝርዝሩን በብዛት የሞሉት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። "እንጀራ" ብላችሁ ስትፈልጉ የሚመጣው ቁጥር የተለያየ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ አንዱ የቆረሳትን ቁራሽ፣ ሌላው ከምጣድ የወጣውን ሙሉ እንጀራ መዝግቧል። ባርኮድ መቃኘትማ ከቅዳሜ ገበያ በስፍር ገዝቶ ለሚገባ ሰው ምንም አይፈይድም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። አፑ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን አለው ብሎ ነው የሚነሣው። እኛ ደግሞ አንድ ትሪ ከበን፣ ወጡ ተጨምሮ፣ ጉርሻ ተለዋውጠን ነው የምንነሣው። "ስንት ግራም በላህ?" ቢባል ማን ይመልሳል? ጉርሻ እምቢ እያሉ መኖርም አይቻልም፤ ቢቻልም አልመክርም። መፍትሔው የሚመዘገበውን ቦታ መቀየር ነው። ከትሪው አትቁጠሩ፣ ከድስቱና ከሊጡ ቁጠሩ፤ ከዚያ ለበላው ሰው አካፍሉ። አፑ የራሳችሁን ምግብ እንድታስገቡበት ቦታ አለው፤ እዚያ ላይ ነው ሥራው ያለው።

እንጀራውን እንመልከት። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት 3,600 ካሎሪ ገደማ አለው። ከዚያ ዱቄት ስድስት እንጀራ ከወጣ፣ አንዱ 600 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሊጡ ሲቦካ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። መሶቡ ላይ ስድስት ወጥቶ ሁለት ከተረፈና አራት ሰው ከበላ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ደርሷል ማለት ነው። የሳምንቱን አማካይ ስትይዙ አንዱ የጎረሰው፣ ሌላው ያጎረሰው ይቻቻላል።

ሽሮው ላይ ነው እኔ ዓይኔን የከፈትኩት። ለአንድ ድስት 200 ግራም የሽሮ ዱቄት ትጨምራላችሁ እንበል፤ ይህ 700 ካሎሪ ገደማ ነው። ሽንኩርቱን ለማቁላላት አንድ የሻይ ብርጭቆ ዘይት ከፈሰሰ፣ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ብቻውን ከ800 በላይ አለው። ከድስቱ ካሎሪ ከግማሽ በላዩ ዘይት ነው። ትሪው ላይ ሆናችሁ ይህን በፍጹም አታዩትም። ሽሮ መቀነስ አያስፈልግም፣ ሽሮማ ፕሮቲን ነው። የሚቀነሰው ብርጭቆው ነው። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ፣ ውኃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ማብሰልና ዘይቱን በኋላ በማንኪያ መጨመር ይበቃል።

በየቀኑ መመዘን ለሚሰለቸው ሰው ደግሞ የምወደው ዘዴ የወር ሒሳብ ነው። የዘይት ጀሪካኑ የተከፈተበትን ቀን ኩሽናው በር ላይ ጻፉ። አምስት ሆናችሁ 5 ሊትር ዘይት በወር ከጨረሳችሁ ለአንድ ሰው በቀን 270 ካሎሪ ገደማ ከዘይት ብቻ ገብቷል። ጨውም እንዲሁ ነው፤ አንድ ኪሎ ጨው አምስት ሰው በወር ሲጨርሰው በቀን ለነፍስ ወከፍ 6.7 ግራም ገደማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የተጨመረው ጨው ደግሞ ገና አልተቆጠረም።

ቡናውም አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ በየስኒው ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከገባ፣ 24 ግራም ያህል ስኳር ነው። ይኸው ድርጅት ስኳር ከቀን ጉልበታችን ከአሥር በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ወደ አምስት እንዲወርድ ይመክራል፤ አምስት በመቶው በ2,000 ካሎሪ ሲሰላ 25 ግራም ነው። አንድ ጊዜ ቡና ተጠጥቶ ኮታው አለቀ። ጠዋትም ከሰዓትም ቡና የሚፈላበት ቤት ስንት እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። አጠገቡ ያለው ቆሎም እፍኝ እፍኝ እየተባለ ያልቃል፤ ገብስ መልካም እህል ነው፣ ግን እሱም ይጻፍ።

ቁጥሮቹን ከየት ላምጣ ለምትሉ፦ አገራችን የራሷ የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ አላት። የቀድሞው የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጤፉንም ሽሮውንም በላቦራቶሪ እየመረመረ ያዘጋጀው ነው። አፑ ላይ ማንም ከጻፈው ቁጥር ይልቅ ያንን እመኑ።

ጾምን በሚመለከት፣ አፑ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት "ቁርስዎን አልመዘገቡም" ማለቱን አይተውም፤ ማስታወሻውን ዝጉት። የጾሙንና የፍስኩን ቀን ለየብቻ አነጻጽሩ። በጾም የሥጋና የቅቤ ቦታ በዘይት እንደሚሞላ ያን ጊዜ በግልጽ ይታያችኋል። የአፑ ቀን የሚቀየረው በእኛ ሌሊት ስድስት ሰዓት መሆኑንም አትርሱ።

ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበትና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ቁጥር አይቶ በራሱ ምግብ እንዳይቀንስ፣ ሐኪሙን ያማክር። ነፍሰ ጡሮችና ልጆችም በዚህ አይመሩ። መመዝገቡ ጭንቀት ከሆነባችሁም ተዉት።

አፑ ማሳሰቢያ የሚልከው ለባለ ስልኩ ነው፤ ዘይቱን የሚያፈሰው እጅ ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ነው። እናት፣ ሚስት፣ የቤት ሠራተኛ፣ እህት። ወጥ የምትሠራውን ሰው ሳታስረዱ የያዛችሁት መዝገብ ወቀሳ ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ አብራችሁ ስፈሩ፣ አብራችሁ ጻፉ። እኔ ደባርቅ ካለችው እናቴ ጋር በስልክ ነው የምንተሳሰበው።

"እማዬ፣ ስኳሩ ስንት ቀን ቆየ?"

"ኧረ ምን ቆየና፣ እንግዳ በዛ። ዘይቱ ግን አለ፣ ይኸው ግማሽ ነው።"

ይህንንም እጽፈዋለሁ። የእሷ ቤት ሒሳብ የእሷ ነው፤ እንድትወቀስ ሳይሆን ልትነግረኝ እንድትወድ ነው የምፈልገው።

የሽሮውን፣ የምስር ወጡንና የበሶውን ስሌት አፑ ላይ እንዴት እንደምታስገቡት በሥዕል አዘጋጅቼ በዚሁ ቻናል እለጥፋለሁ። የእናንተ ቤት ምጣድ ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደሚያወጣ ከታች ጻፉልኝ፤ ጤፍ ብቻ ነው ወይስ ገብስ የተቀላቀለበት የሚለውንም ጨምሩ።