ጭንቀትና የጓሮ አትክልት
እህቶቼ፣ አትክልት መንከባከብ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ ሆን ተብሎ እንዲጨነቁ ከተደረጉ ሰዎች ግማሾቹ ለ30 ደቂቃ አትክልት ተንከባከቡ፤ ሌሎቹ አነበቡ። ኮርቲሶል የተባለው የውጥረት ሆርሞን በሁለቱም ወገን ቀነሰ፤ አትክልት የተንከባከቡት ላይ ግን ይበልጥ ወረደ።

ድባቴ ጉልበት ሲያሳጣ ትንሽ፣ ውጤቱ በዓይን የሚታይ ሥራ ይረዳል። ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩም ያረጀ ጄሪካን ቆርጦ ሥሩን መብሳት፣ አፈርና ፍግ ቀላቅሎ በሶብላ መዝራት ይበቃል። ቅጠሉን በጣት ፈተግ ሲያደርጉት ሽታው ራሱ ያነቃቃል። አደራ፣ ሌላ የቤት ሥራ አታድርጉት፤ ይህ ሰዓት የእናንተ ነው።

የመከፋት ስሜቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ በተለይ ከወሊድ በኋላ፣ አትክልቱ ሕክምናን አይተካምና ሳትዘገዩ ባለሙያ አማክሩ።