ውሃ ቢጠራም ሳይፈላ አይጠጣ

እናቶች ሆይ! በክረምት በቸርችል ጎዳና ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርደው ጎርፍ አፈርና ቆሻሻ የተደባለቀበት ነው። ይህን ማንም አይጠጣም። ዳሩ ግን የጠራ ውሃም ያታልላል።

ድብልቅ ሁለት ዐይነት ነው። አፈርና ውሃ በዐይን ይለያል፤ ውሃው ሲያድር አፈሩ ይዘቅጣል፤ የቀረውን እንደ ጠላ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ጨው ግን በውሃ ከሟሟ አይታይም፣ በጨርቅም አይያዝም፤ የሚለየው ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ነው።

የበሽታ ተሕዋስያንም አይታዩም፤ በጨርቅ ሾልከው ያልፋሉ፤ ልጆችንም በተቅማጥ ይጥላሉ። ስለዚህ የተጠለለውን ውሃ አፍሉት። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ሲበርድም በንጹሕ እንስራ ከድናችሁ አኑሩት።