ቢጫዋ መኪና ትሸጥ ወይስ ትቆይ?

ባለፈው ክረምት ልጄንና ቤተሰቡን ልጠይቅ ፍራንክፈርት ሄጄ ነበር። ልጄ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ ከማግባቱ በፊት በገዛት ቢጫ ቮልቮ 850 ስቴሽን ዋገን ነው። ሁለቱ ሻንጣዎቼ፣ በርበሬና ሽሮ የያዘው ካርቶን፣ የልጅ ልጄም ጋሪ ተጭነው ከኋላ ገና ቦታ ነበራት። አውራ ጎዳናው ላይ ወጥቶ ነዳጅ ሲሰጣት ደግሞ ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ።

«አባዬ፣ 30 ዓመቷ ነው ቢሉህ ታምናለህ?» አለኝ።

ቤት ስደርስ የጠበቀኝ ግን ክርክር ነው። ምራቴ ሁለተኛ ልጇን ለመውለድ ሦስት ወር ቀርቷታል። «አባባ፣ እርስዎ ይፍረዱን። በዚች መኪና ሁለት ሕፃን ይዤ በየቀኑ አልመላለስም» አለች። ልጄ በበኩሉ እንደ እሷ ያለ መኪና ዛሬ አይሠራም ባይ ነው። እኔም ሽማግሌ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ስቴሽን ዋገን የምንለው ጣሪያው እስከ ኋላ ድረስ የሚዘልቅ፣ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ሰፊ የዕቃ ቦታ ያለው የቤት መኪና ነው። ለቤተሰብና ለጓዝ ተብሎ የተሠራውን ይህን መኪና የውድድር መኪና ጉልበት መስጠት የአውሮፓውያን የቆየ ፍቅር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አውዲ ከፖርሽ ጋር ሆኖ አርኤስ2 አቫንትን አወጣ። ባለ 5 ሲሊንደር ቱርቦ ሞተሩ 315 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 5.4 ሰከንድ ይበቃው ነበር። በዚያው ዓመት ቮልቮ በብሪታኒያ የመኪና ውድድር 850 ስቴሽን ዋገንን አሰልፎ ተመልካቹን አስገረመ። ቀጥሎም 240 የፈረስ ጉልበት ያላትን ቲ-5አር ለገበያ አቀረበ። የልጄ ቢጫ መኪና ይህችው ናት።

የዛሬዎቹ ሌላ ዓለም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አውዲ አርኤስ6 አቫንት ባለ 8 ሲሊንደር ሲሆን 600 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በ3.6 ሰከንድ 100 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ቢኤምደብሊው ኤም5 ቱሪንግ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ 727 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ክብደቱ ግን 2.5 ቶን ገደማ ነው።

እንዳጋጣሚ የልጄ ጎረቤት አርኤስ6 አለው። አንድ ቅዳሜ እኔንና ልጄን ጭኖ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ወደ ገበያው፣ ከዚያም ወደ አውራ ጎዳናው ወሰደን። ስንመለስ በዚያው መንገድ በቢጫዋ ደገምነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «የትኛው ይፈጥናል?» ብሎ ነው። የቤተሰብ ሰው ግን አብዛኛውን ቀን የሚነዳው በሰዓት 30 እና 50 በሚፈቀድባቸው የከተማ መንገዶች ነው። እዚያ 600 የፈረስ ጉልበት ታስሮ እንደሚውል በሬ ነው።

በዚህ በኩል ቢጫዋ ልጄን አላሳፈረችውም። በ50 ስትሄድ መንገዱ በመሪው በኩል ይሰማል፤ ማርሽ መቀያየሩም ለነጂው ደስታ ነው። መስኮቶቿ ሰፋፊ ናቸውና ዙሪያው ሁሉ ይታያል። የማሞቂያውን ቁልፍ ዓይን ከመንገድ ሳይነሳ በእጅ ዳብሶ ማግኘት ይቻላል። አዲሱ ላይ ብዙው ነገር በስክሪን ነው የሚታዘዘው። ከቢጫዋ በ19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ በግማሽ ቶን ያህል ይከብዳል። በገበያው ጠባብ ማቆሚያ ጎረቤትዬው በሩን ከፍቶ ለመውጣት ሆዱን ሰብሰብ ማድረግ ነበረበት።

አውራ ጎዳናው ላይ ግን ፍርዱ ተገለበጠ። ዝናብ መጣ። አርኤስ6 በአራቱም ጎማ መሬቱን ቆንጥጦ ያለ ድምፅ ሄደ፤ ሕፃን ቢኖር እንቅልፍ ይወስደው ነበር። ቢጫዋ የፊት ጎማ ብቻ ነው የሚነዳት፤ በእርጥብ መንገድ ነዳጅ ሲበዛባት መሪው እጅ ላይ ይታገላል። ልጄ ይህን «ጨዋታዋ ነው» ይለዋል። ሌሊት ሙሉ ልጅ ሲያባብል ላደረ አባት ግን ጨዋታ አይመስለኝም።

ዋናው ነገር ደኅንነት ነው። ቮልቮ በዚህ አይታማም። በሦስት ነጥብ የሚታሰረውን ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 በመኪናዎቹ ላይ የገጠመ እሱ ነው። የጎን ኤርባግንም በዓለም መጀመሪያ ያስገባው በዚሁ በ850 ነው። በዘመኗ ከእሷ የተሻለ ማግኘት ይከብድ ነበር። ዘመን ግን ሄዷል። መኪና ሲንሸራተት የየጎማውን ፍሬን ለየብቻ ይዞ የሚያቃናው መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ አዲስ መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ ነው። የሕፃን ወንበርን ከመኪናው ብረት ጋር ቀጥታ የሚያያይዘው ኢሶፊክስም እንዲሁ። ነጂው ሲዘናጋ ራሱ ፍሬን የሚይዘው ደግሞ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ቢጫዋ ከሦስቱ አንዱም የላትም።

ማታ ይህን ስናወራ የልጄን ፊት አየሁት። ከግራ ቅንድቡ በላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ወደ ደብረ ዘይት ስንሄድ አህያ መንገድ ገባብኝና ፍሬን ያዝኩ። እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ግንባሩ ከክሩስኮቱ ጋር ተጋጨ። 40 እንኳ አልነዳም ነበር። ልጅን ማሰር የሚባል ነገር ያኔ አናውቅም። እስከ ዛሬ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ልጄ፣ እኔ ያን ጊዜ ያለኝን ነው የነዳሁት። አንተ ግን ምርጫ አለህ» አልኩት። ጠባሳውን በጣቱ ነካ አድርጎ ዝም አለ። ምራቴም ምንም አልጨመረችም።

አርኤስ6 ይግዛ ማለቴ አልነበረም። አዲሱ ዋጋው ከ100 ሺሕ ዩሮ በላይ ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 12 ሊትር ቤንዚን ይጠጣል። የጎማውን ዋጋ ጎረቤትዬው ራሱ መናገር አልፈለገም። ልጆችን የሚጠብቀው ግን 600ው የፈረስ ጉልበት አይደለም። ያ ሁሉ መከላከያ መካከለኛ ጉልበት ባለው፣ አምስት ዓመት ባገለገለ ተራ ስቴሽን ዋገን ላይም ይገኛል።

በመጨረሻም የተስማማነው እንዲህ ነው። ለየቀኑ እንዲህ ያለ ግራጫ መኪና ተገዛ። ቢጫዋም አልተሸጠችም። በጀርመን 30 ዓመት የሞላውና ይዞታው ያልተበላሸ መኪና የታሪካዊ መኪና ሰሌዳ ያገኛል፤ ግብሩ በዓመት 192 ዩሮ ገደማ ነው። በዓመቱ የተወሰኑ ወራት ብቻ የሚያገለግል ሰሌዳ ማውጣትም ይቻላል፤ ያኔ ግብሩም ኢንሹራንሱም ይቀንሳል።

እርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ክርክር ካለ፣ ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቅዎ በፊት እነዚህን ይመልከቱ። የሕፃኑን ወንበር ይዘው ሄደው በራስዎ እጅ ያስሩት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ያ መኪና ለዚያ ልጅ አይሆንም። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥ ሕፃን ኤርባጉ ባልጠፋ የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይቀመጥ። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን የመጨረሻ 4 አኃዞች ያንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ደህና ቢመስልም ያረጀ ጎማ ፈጣን መኪናን አያቆምም። በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ የሞተሩ ቺንጊያ መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ካላዩ፣ አልተቀየረም ብለው ያስቡ።

የልጅ ልጄ በሰላም ተወልዳ ከሆስፒታል የወጣችው በግራጫዋ መኪና ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ ደውሎ፣ «አባዬ፣ አሁንም ስትመጣ የምቀበልህ በቢጫዋ ነው» አለኝ። ከኋላው ምራቴ ስትስቅ ሰማኋት። «እንግዲያው ከኤፕሪል በፊት እንዳይመጡ፤ ሰሌዳዋ እስከዚያ አይሠራም!»