ሎሚና ኖራ

የሎሚ ውሃ ይኮመጥጣል፤ ግድግዳ የሚቀባበት የኖራ ውሃ ግን ያሙለጨልጫል፥ ሥጋንም ያቃጥላል። ምክንያቱ ምንድር ነው?

በሎሚ ውሃ ውስጥ ሃይድሮጂን አዮን የሚባል ረቂቅ ነገር ይበዛል፤ ስለዚህ አሲድ ይባላል። በኖራ ውሃ ውስጥ ሃይድሮክሳይድ አዮን የሚባለው ይበዛል፤ ስለዚህ አልካሊ ይባላል። በንጹሕ ውሃ ግን ሁለቱ ትክክል ናቸው። የዴንማርኩ ሊቅ ሶረንሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ባወጣው መለኪያ ንጹሕ ውሃ 7 ነው፤ አሲድ ከ7 በታች፥ አልካሊ ከ7 በላይ ነው።

አሲድና አልካሊ ሲገናኙ ሁለቱ አዮኖች ተዋሕደው ውሃ ይሆናሉ፤ ነገር ግን ሲዋሐዱ ሙቀት ያወጣሉ። ስለዚህ ኖራ በዓይን የገባ እንደ ሆነ ሎሚ መጨመር አይገባም፤ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ቍጣንም በቍጣ ከመመለስ በገርነት ማብረድ ይሻላል።