መንኮራኩሯ አሻንጉሊት የምትመስለው ስለ ምንድን ነው?

ብሌንደር የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ በመሆኑ፣ በሂንዳዊያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያለ ተማሪም ቢሆን ዛሬ የጠፈር ትርኢት በተንቀሳቃሽ ሥዕል ሊሠራ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጀማሪው ብዙ ሌሊት የደከመባት መንኮራኩር አሻንጉሊት መስላ ትቀርበታለች። እርሱም ጉድለቱን ከአካሏ ላይ እየፈለገ ተጨማሪ ቱቦና ብሎን ይለጥፍባታል። በእኛ አስተያየት ግን ጉድለቱ በአብዛኛው ከብርሃኑ ላይ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ጠፈር መጠቀች። ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ፣ የተመደበላትም ምሕዋር ከምድር በላይ 628 ኪሎ ሜትር ነበር። እዚያ ቆሞ የሚቀርጻት ሰው ስላልነበረ፣ በሥራዋ ላይ ሳለች ምን ትመስል እንደነበር ለአገር ልጅ ማሳየት የሚቻለው በእንዲህ ያለው ሥዕል ነው። ሥዕሉ ሐሰት ከመሰለ ተመልካቹ ሳተላይቷንም ተረት ሊያደርጋት ይችላል።

እንግዲህ ከሰዓት በኋላ ወደ ሂንዳዊያ መንገድ ውጡና የአንድ ግድግዳ ጥላ ተመልከቱ። ፀሐይ የቱንም ያህል ብትበረታ፣ ጥላው ውስጥ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ይታያል፤ ሰማዩና አቧራው ብርሃን ይበትናሉና። በጠፈር ግን አየር የለም። ጥላው ድፍን ጥቁር፣ ጠርዙም የሰላ ነው። ጀማሪ አምስት ስድስት መብራት መደርደር ይወዳል፤ አንድ ፀሐይ አስቀርቶ ሌላውን ሁሉ ያጥፋ። ሳተላይቷ ለምድር ቅርብ ስለሆነች ከበታቿ ለስላሳ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን ከምድር ይመለስላታል፤ ሁለተኛው መብራት ይኸው ብቻ ነው።

ከዋክብቱንም መቀነስ ያሻል። አፖሎ 11 በ1969 (እ.ኤ.አ.) ከጨረቃ ባመጣቸው ፎቶግራፎች ሰማዩ ባዶ ጥቁር ነው፤ ለፀሐይ ብርሃን የተመጠነ ካሜራ ደብዛዛ ኮከብ አይይዝምና።

እንቅስቃሴን በተመለከተ፣ መንኮራኩር እንደ አውሮፕላን ክንፍ አዘንብላ አትታጠፍም። ሞተሯም ሁልጊዜ አይነድም፤ አንዴ ከተገፋች ትሄዳለች። ያቺ ሳተላይት በሴኮንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረች እንኳ ምድርን ለመዞር 97 ደቂቃ ገደማ ያስፈልጋት ነበር። ስለዚህ ምድር ከበታቿ በዝግታ ትንሸራተት። ፍጥነት ያሳያል በሚል ካሜራውን ማንቀጥቀጥ የሲኒማ ልማድ ነው፤ እኛ አንወደውም።

ለማመሳከሪያ ከፊልም ይልቅ እውነተኛ ፎቶግራፍ ይመረጣል። የሳዑዲው ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን በ1985 (እ.ኤ.አ.) የተሳፈረባት የዲስከቨሪ ፎቶግራፎች ከናሳ በነፃ ይገኛሉ። አንዱን ከሥራችሁ ጎን አስቀምጡና በመጀመሪያ ጥላውን አስተያዩ።