ዝናቡ የሚያዳክመው የትኛውን መስመር ነው?

ዝናብ ሲጥል ኔትወርክ የሚጠፋው «ማማው ስለሚረጥብ ነው» የሚለው ወሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከሚዛን አማን እስከ ቴፒ፣ እንደ እውነት ይወራል። መፍትሔውም አብሮት ይመጣል፤ ሌላ ማማ ይተከልልን፣ ካልሆነም ሳተላይት ይገላግለን። ሁለቱም በሽታው ሳይታወቅ የታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። ግማሹን ጥፋት የሠራችው «ኔትወርክ» የምትለው ቃል ራሷ ናት፤ መብራት ሲጠፋም፣ መስመር ሲጨናነቅም፣ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍም «ኔትወርክ የለም» ነው። ቃሉን ለሁለት እንክፈለው፦ አንደኛው መንገድ ከስልክ እስከ ማማ፣ ሁለተኛው ከማማው እስከ ዋናው የፋይበር መስመር።

አንደኛውን መንገድ ዝናብ እምብዛም አይነካውም። የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ትልቁ የዝናብ ጠብታ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ የተበተነ ጤፍ ዝሆንን አያደናቅፍም። ሁለተኛው መንገድ ግን ፋይበር ባልደረሰበት ቦታ ማይክሮዌቭ ነው፤ ማማው ላይ እንደ ከበሮ የተሰቀሉት ነጫጭ ክቦች ከተራራ ተራራ እየተያዩ በቀጭን ጨረር መረጃ ይቀባበላሉ። የ23 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 1.3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጠብታው ጉልበቱን ይመጠዋል፣ የተረፈውንም ይበትነዋል። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር በሚወርድ ዶፍ ውስጥ 3 ኪሎ ሜትር ካቋረጠ፣ ያለ ዝናብ ይደርስ ከነበረው ኃይል አንድ መቶኛ ገደማው ብቻ ይተርፋል። በዚያው ዶፍ የ7 ጊጋኸርዝ ሞገድ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ይዞ ይወጣል። ታዲያ ሁሉም በ7 ለምን አይሠራም? ዝቅ ያለው ሞገድ የተመደበለት ስፋት ጠባብ ስለሆነ ብዙ ጭነት አይችልም። በቅሎ ጭቃውን ታልፋለች፣ አይሱዙ ብዙ ጭኖ ይሰምጣል። ማሻና ጎሬ አካባቢ ደግሞ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። መሣሪያዎቹ ግን ወዲያው አይቋረጡም። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናቡ ሲበረታ ሰው ቃላቱን እየነጠለ ቀስ ብሎ እንደሚናገር ሁሉ፣ እነሱም በአንድ ምት የሚልኩትን ከ8 ቢት ወደ 2 ቢት ያወርዳሉ። ፍጥነቱ ሩብ ሆነ ማለት ነው። የስልኩ ሲግናል ሙሉ ሆኖ ሳለ የክፍያ መተግበሪያው ክብ እየዞረ የሚቀረው ለዚህ ነው፤ ያንኑ መንገድ የሚጋራ አዲስ ማማ ቢጨመር ወረፋውን ከማስረዘም በቀር ምን ይፈይዳል?

«በዝናብ የሚጠፋው መብራት ነው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ይጠፋል፤ ነገር ግን የማማው ባትሪ ሲያልቅ ሲግናሉም አብሮ ይሄዳል። ሲግናል እያለ ኢንተርኔት ከሌለ ተጠያቂው በአብዛኛው ሌላ ነው። መጨናነቅ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን ማታ ማታ ሰዓት ጠብቆ ይመጣል፣ የማይክሮዌቩ መዳከም ደመናውን ተከትሎ መጥቶ ሲያባራ ይለቃል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል፦ ዝናብ ሲጥል ሰው ቤት ገብቶ ስልኩን ይከፍታልና ሁለቱ ይደራረባሉ። አንደኛው መንገድም ደን ውስጥ ንጹሕ አይደለም፤ እርጥብ ቅጠል በተለይ ከፍ ያለውን ሞገድ ይበላል፣ በቡና ጥላ ዛፍ ሥር ምን ያህል እንደሚበላ የሚያሰሉ ቀመሮችም አይስማሙም። ሳተላይትም ከዶፍ አያመልጥም፤ ስታርሊንክ ወደ ተጠቃሚው የሚያወርደው በ12 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፣ ዛፍ ያልጋረደው ሰማይም ይፈልጋል። ለብቻዋ ለቆመች ጤና ኬላ ይበጅ ይሆናል፤ ከተማ ሙሉ ሰው ሲካፈለው ግን ይሳሳል።

ፋይበር ውስጥ ብርሃን ግማሽ ኃይሉን ለማጣት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የ23 ጊጋኸርዝ ሞገድ በዚያ ዶፍ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ መቀመጫውን ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ ያከፋፈለ እንደመሆኑ፣ ከተሞቹን የሚያገናኘው የኔትወርክ ዕቅድ መቁጠር ያለበት ማማ ሳይሆን ፋይበር የደረሰበትን ማማ ነው። ፋይበርም ጠላት አለው፤ የመሬት መንሸራተትና ኤክስካቫተር። ከጅማ በቦንጋ አድርጎ ሚዛን የሚገባ መስመር ቢበጠስ መረጃው በሌላ ወገን የሚዞርበት መንገድ ያሻዋል፦ ከሚዛን በቴፒ፣ በማሻ፣ በጎሬ፣ በመቱ፣ በበደሌ ወደ ጅማ። ሁለቱ መስመሮች የሚሠሩት ቀለበት ኦሮሚያን ስለሚያቋርጥ አንድ የክልል ቢሮ ብቻውን አይዘጋውም። ዋናው ወጪ ደግሞ የፋይበሩ የመስታወት ክር ሳይሆን ቁፋሮው ነው፤ መንገድ ሲሠራ ጠርዙ ላይ ባዶ ቱቦ ከተቀበረ፣ ፋይበሩን ከዓመታት በኋላም በአየር ግፊት እየነፉ ማስገባት ይቻላል።